የመመለሻውን መንገድ ማን ይፈትሽ? በክፍት ምንጭ ስማርት ሰዓት የገመድ አልባ ፈርምዌር ማሻሻያ ላይ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

የፈርምዌር ማሻሻያን የሚመለከቱ የመመረቂያ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት «አዲሱ ስሪት በገመድ አልባ መንገድ በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ፎቶግራፍ ይያያዛል፤ በመሣሪያው ገጽ ላይ አዲሱ የስሪት ቁጥር ይታያል፤ ውይይቱም በዚያው ያበቃል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ያ ዓረፍተ ነገር የፍተሻው መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያው አይደለም። የማሻሻያው መድረስ የሚነግረን መንገዱ አንድ ጊዜ ክፍት እንደነበረ ብቻ ነው። ማሻሻያው በግማሽ ቢቋረጥ፣ ወይም ከደረሰ በኋላ የተበላሸ ሆኖ ቢገኝ፣ መሣሪያው ወደ ቀድሞ ጤንነቱ የሚመለስ ስለመሆኑ ምንም አይነግረንም።

ለዚህ ክርክር ማሳያ እንዲሆን የተመረጠው ፓይን64 የሚያቀርበው ፓይንታይም የተባለው የእጅ ሰዓትና በላዩ የሚሠራው ኢንፊኒታይም የተባለው ክፍት ምንጭ ፈርምዌር ነው። የፈርምዌሩ ኮድም ሆነ የማሻሻያው ሥርዓት ለሁሉም ክፍት በመሆኑ እዚህ የሚባለውን ማንኛውም አንባቢ ማመሳከር ይችላል። የሰዓቱ ዋጋም ዝቅተኛ ስለሆነ በአነስተኛ በጀት የሚሠራ ቤተ ሙከራ ሊያገኘው የሚችል ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ኢንፊኒታይም የግዕዝን ፊደላት ይዞ አይመጣም፤ ከስልክ ወደ ሰዓቱ የሚተላለፍ የአማርኛ መልእክት ሊነበብ አይችልም። ይህን ጉድለት ለማረም የሚነሣ ተማሪ ፊደላቱን ጨምሮ፣ ፈርምዌሩን ራሱ አጠናቅሮ፣ በእጁ ባለው ሰዓት ላይ ራሱ መጫን ይኖርበታል። ሰዓቱ አንድ ብቻ ከሆነና ከተበላሸ በምትኩ ሌላ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ጥናቱ ይቆማል። ስለዚህ የመመለሻው መንገድ ጉዳይ ለእንዲህ ያለው ተማሪ የጥናቱ ህልውና ጉዳይ ነው።

በጠባብ ቤት ውስጥ የሚደረግ ዝውውር

ፓይንታይም የተሠራው የኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር ምርት በሆነው ኤንአርኤፍ52832 ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ በ64 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ 64 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታና 512 ኪሎባይት ውስጣዊ ፍላሽ አለው። ከቺፑ ውጭ ደግሞ 4 ሜጋባይት ተጨማሪ ፍላሽ ተቀምጧል። ፈርምዌሩ የሚሠራው ከውስጣዊው ፍላሽ ሲሆን የተመደበለት ቦታ 475,136 ባይት ወይም 464 ኪሎባይት ነው። በዚህ ጠባብ ቤት ሁለት ስሪቶች ጎን ለጎን ሊኖሩ ስለማይችሉ አዲሱ ስሪት በቅድሚያ የሚያርፈው በውጭው ፍላሽ ላይ ነው።

ዝውውሩ የሚካሄደው በብሉቱዝ ሲሆን ኢንፊኒታይም የሚከተለው ኖርዲክ ቀደም ሲል ያወጣውን የማሻሻያ ፕሮቶኮል ነው። ስልኩ ፈርምዌሩን በትናንሽ ፓኬቶች ከፋፍሎ ይልካል። በአንድ ፓኬት 20 ባይት ቢጫን 400,000 ባይት የሆነ ፈርምዌር 20,000 ፓኬት ይወጣዋል ማለት ነው። ይህ ደቂቃዎችን የሚወስድ ሥራ ነው። በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የስልኩ ባለቤት ከሰዓቱ ሊርቅ፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ፣ ወይም ስልኩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል መተግበሪያውን ሊዘጋው ይችላል። ዝውውሩ ከተፈጸመ በኋላ ሰዓቱ የደረሰውን ሁሉ ሲአርሲ በተባለው ስሌት ያጣራል። ይህ ስሌት የሚያረጋግጠው የደረሰው ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን ነው፤ የተላከው ደህና መሆኑን አይደለም። ስህተት ያለበት ፈርምዌርም አንዲት ባይት ሳትጎድልበት በሰላም ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሥራውን የሚረከበው ቡትሎደር የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ነው። የፓይንታይም ቡትሎደር የተመሠረተው በሌላ ክፍት ምንጭ ሥራ፣ በኤምሲዩቡት ላይ ነው። ሰዓቱ ዳግም ሲነሣ ቡትሎደሩ በውስጥ ያለውንና በውጭ የተቀመጠውን ስሪት ገጽ በገጽ ያለዋውጣቸዋል። የፍላሹ ገጽ 4,096 ባይት ስለሆነ ቦታው በጠቅላላው 116 ገጽ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሥራው ልውውጥ መሆኑ ነው። አሮጌው ስሪት አይደመሰስም፤ አዲሱ ወደለቀቀው ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። የመመለሻው መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሦስቱ መመለሻዎች

የመጀመሪያው መመለሻ በራሱ የሚሠራ ነው። አዲሱ ስሪት ሥራ የሚጀምረው በሙከራ ደረጃ ሲሆን ተጠቃሚው ወደ ሰዓቱ ማስተካከያ ገብቶ ስሪቱን ካላጸደቀው በቀር ሰዓቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ ቡትሎደሩ አሮጌውን ስሪት ወደ ቦታው ይመልሳል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ዋችዶግ የተባለ ጠባቂ ቆጣሪ አለ። ፈርምዌሩ በሕይወት መኖሩን በየጊዜው ለቆጣሪው ካላስታወቀ ቆጣሪው 7 ሰከንድ ገደማ ጠብቆ ሰዓቱን እንደገና ያስነሣዋል። ስለዚህ ገና ሲነሣ የሚደርቅ ስሪት በሰው እጅ ሳይነካ ይሻራል ማለት ነው።

ሁለተኛው መመለሻ በተጠቃሚው እጅ ነው። ሰዓቱ በመነሣት ላይ እያለ አዝራሩን ተጭኖ የሚቆይ ሰው አሮጌውን ስሪት መጥራት ይችላል። ሦስተኛው የመጨረሻ መጠጊያ ነው። አዝራሩን ከዚያም አብልጦ ለያዘ ሰው በውጭው ፍላሽ ላይ ተለይቶ የተቀመጠ አነስተኛ የመልሶ ማቋቋሚያ ፈርምዌር ይጫንለታል።

የነዚህ መመለሻዎች ዋጋ የሚታወቀው ሰዓቱ እንዴት እንደታሸገ ሲታይ ነው። ለተራው ተጠቃሚ የሚሸጠው ሰዓት ጀርባው በሙጫ የተዘጋ ነው። ፕሮግራም በሽቦ ለመጫን የሚያገለግሉት የመገናኛ ነጥቦች የሚገኙት ከዚያ ክዳን በስተውስጥ ነው። ክዳኑን መክፈት ሰዓቱን ከውኃ የሚጠብቀውን እሽግ ማበላሸት ነው። ለአዘጋጆች የሚሸጠው ዓይነት ግን ጀርባው ያልታሸገ በመሆኑ በተሳሳተ ፈርምዌር ቢዘጋ በሽቦ ሊታደሱት ይችላሉ። አዘጋጁ በክፍት ሰዓት ላይ የሚፈትሸውን ፈርምዌር ተጠቃሚው በተዘጋ ሰዓት ላይ ይጭነዋል። አዘጋጁ ስህተቱን በሽቦ ማረም የሚችል በመሆኑ የስህተቱ ክብደት በሙሉ አይሰማውም። ሦስቱ መመለሻዎች ለእሱ ትርፍ ናቸው፤ ለተጠቃሚው ግን ከነሱ ሌላ በር የለውም።

የማጽደቂያው አዝራርና ያልተነገረው ግዴታ

የጽሑፉ ዋነኛ ነጥብ ያለው ተጠቃሚው ስሪቱን በሚያጸድቅበት ቅጽበት ላይ ነው። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ስሪት ደህና ነውን?» የሚል ነው። ተጠቃሚው ሰዓቱ በትክክል መቁጠሩን፣ ገጹ ለንክኪ መመለሱን፣ መልእክት መድረሱን አይቶ «አዎን» ይላል። ሳያጸድቅ ቆይቶ ሰዓቱ በሆነ ምክንያት ዳግም ቢነሣ የጫነው ስሪት ከእጁ ይወጣል። ይህ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምንም ሳይፈትሽ፣ ገና እንደተጫነ ማጽደቁን ይለምዳል። ለጥንቃቄ የተሠራው ደረጃ በዚህ መንገድ የችኮላ ልማድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ተጠቃሚው እጅግ ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ ሊያረጋግጠው የማይችል አንድ ነገር አለ። በገመድ አልባ መንገድ ብቻ የሚታደስ መሣሪያ ላይ የሚጫን ማንኛውም ስሪት የመጀመሪያ ግዴታው ሰዓት መቁጠር አይደለም፤ ተተኪውን መቀበል መቻል ነው። ሰዓት መቁጠር የተሳነው ስሪት ነገ በሌላ ስሪት ይታረማል። ማሻሻያ መቀበል የተሳነው ስሪት ግን፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርለት እንኳ፣ አንዴ ከጸደቀ በኋላ በተለመደው መንገድ አይታረምም።

ታዲያ ይህን ችሎታ እንዴት መፈተሽ ይቻላል? እርግጠኛው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከአዲሱ ስሪት ላይ ሆኖ ሌላ ማሻሻያ እስከ መጨረሻው መቀበል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ማሻሻያ መቀበል ሲጀመር በውጭው ፍላሽ ላይ የተመደበው ቦታ ይደመሰሳል፤ በዚያ ቦታ ተቀምጦ የነበረው ደግሞ ልንመለስበት የጠበቅነው አሮጌው ስሪት ነው። በሌላ አነጋገር፣ አዲሱ ስሪት ተተኪውን መቀበል መቻሉን ለማወቅ የሚደረገው ፍተሻ ራሱ መመለሻውን ያፈርሳል። ድልድዩ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ከኋላችን ያለውን ድልድይ ማቃጠል ይኖርብናል። በርግጥ ሦስተኛው መጠጊያ ይቀራል፤ ነገር ግን የመጨረሻ መጠጊያ የዕለት መንገድ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ቀላል ነው። ወሳኙን ፍተሻ ለተጠቃሚው መተው አይቻልም፤ ተጠቃሚው ሊያደርገው የሚችለው ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ብቻ ነውና። ፍተሻው ስሪቱ ከመውጣቱ በፊት ባዘጋጀው ሰው፣ ለዚሁ ሥራ በተመደበ ሰዓት ላይ መደረግ ያለበት ነው። የማጽደቂያው አዝራር ለተጠቃሚው መብት ይሰጠዋል፤ የአዘጋጁን ኃላፊነት ግን ወደ ተጠቃሚው ሊያሸጋግር አይችልም።

ከእጅ ሰዓት ባሻገር

ነገሩ የመዝናኛ መሣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሁለት የታወቁ ክስተቶችን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በአሜሪካ አንድ የኤሌክትሮኒክ በር መቆለፊያ አምራች ለአንዱ ሞዴል ያዘጋጀውን ፈርምዌር በስህተት ለሌላው ሞዴል ላከ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መቆለፊያዎች ከአምራቹ ጋር የሚያገናኛቸውን መስመር አጡ። መስመሩ የማሻሻያውም መንገድ ስለነበረ ስህተቱን ከሩቅ ማረም አልተቻለም፤ ደንበኞቹም የመቆለፊያውን ክፍል ነቅለው እንዲልኩ ወይም ምትክ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ላኪው ሐሰተኛ አልነበረም። መቆለፊያዎቹ ያጡት ተተኪውን የመቀበል ችሎታ ነበር።

በዚያው ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚያች አገር 465,000 ገደማ የሚሆኑ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያዎችን የሚመለከት የፈርምዌር ማሻሻያ ማጽደቁን አስታወቀ። ማሻሻያው በሐኪም ፊት እንጂ በቤት እንዳይደረግ ታዘዘ። ከማስታወቂያው ጋር አምራቹ በቀደመ ማሻሻያ ያየው የብልሽት መጠን አብሮ ወጣ። ማሻሻያው ባለመጠናቀቁ ወደ ቀድሞው ስሪት የተመለሱት 0.161 በመቶ፣ የተስተካከለላቸውን የአሠራር ምርጫ ያጡት 0.023 በመቶ፣ ፈጽሞ ሥራ ያቆሙት ደግሞ 0.003 በመቶ ነበሩ። እነዚህ መጠኖች በ465,000 መሣሪያዎች ላይ ቢሰሉ የመጀመሪያው 750 ገደማ፣ የመጨረሻው 14 ገደማ ሰዎች ይሆናሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የመመለሻው መንገድ ዋጋ ነው። ማሻሻያው ካልተሳካባቸው መካከል እጅግ የሚበዙት መሣሪያዎች ወደሚያውቁት ስሪት ተመልሰው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሌላው ትምህርት ደግሞ ቁጥሩ መታተሙ ነው። ሐኪሙና ታማሚው የሚወስኑት በተስፋ ሳይሆን በተለካ አደጋ ላይ ቆመው ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች የክፍት ምንጭ ሥራ ጠንካራ ጎን የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ አንድ አዘጋጅ ያላየውን ሺህ ተጠቃሚ ያየዋል ይላሉ። ይህ በገጽ ላይ ለሚታይ ስህተት እውነት ነው። ለመመለሻው መንገድ ግን አይሠራም። ሺህ ሰዎች በሰላም ቢያሻሽሉ ሺህ ጊዜ የተፈተሸው የሰላሙ መንገድ ነው። መመለሻው የሚፈተሸው መከራ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍተሻው ይፋ የሆነ አደጋ ነው።

ሌሎች ፍተሻውን በኮምፒዩተር ላይ በማስመሰል ማድረግ ይቻላል ይሉ ይሆናል። ኢንፊኒታይም በርግጥ ኢንፊኒሲም የተባለ ጠቃሚ አስመሳይ ፕሮግራም አለው። ነገር ግን የሱ ዋነኛ አገልግሎት የሰዓቱን ገጽታና መተግበሪያዎች በኮምፒዩተር ላይ ማሳየት ነው። የብሉቱዝ መቆራረጥ፣ የፍላሽ መደምሰስና የቡትሎደር ልውውጥ የሚፈተሹት በእውነተኛው ሰዓት ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከደኅንነት ባለሙያዎች የሚመጣ ነው። ፈርምዌሩ በዲጂታል ፊርማ ቢታተምና ቡትሎደሩ ፊርማውን ቢያጣራ ችግሩ አይቀረፍምን? ፊርማ አስፈላጊ ጥበቃ ነው፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን «ማን ላከው?» የሚለውን ነው። የመቆለፊያዎቹ ታሪክ እንደሚያሳየው ትክክለኛው ላኪ የተሳሳተ ነገር ሊልክ ይችላል። ፊርማና መመለሻ ሁለት የተለያዩ ጥበቃዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአቅም ነው። ሰዓት ለማበላሸት የሚበቃ ገንዘብ ያለው ቤተ ሙከራ የት ይገኛል? መልሱ ቀጥሎ የሚቀርቡት ፍተሻዎች ከአንዱ በቀር ሰዓቱን ለሞት የሚዳርጉ አለመሆናቸው ነው። ያንን አንዱን ጀርባው ባልታሸገ ሰዓት ላይ ማድረግ ይቻላል።

ምን ይደረግ?

በጸሐፊው አስተያየት በፓይንታይምም ሆነ በመሰል መሣሪያ ላይ የተቀየረ ፈርምዌር የሚያቀርብ የመመረቂያ ሥራ ቢያንስ አምስት ፍተሻዎችን አድርጎ ውጤታቸውን መዘገብ ይገባዋል።

አንደኛ፣ አዲሱ ስሪት አሁን በተጠቃሚዎች እጅ ካለው ስሪት ላይ ሆኖ በገመድ አልባ መንገድ መጫን አለበት፤ በሽቦ የተጫነ ስሪት ስለ ማሻሻያው ምንም አይመሰክርም። ሁለተኛ፣ ዝውውሩ ሆን ተብሎ በመጀመሪያው፣ በመካከሉና በመጨረሻው ላይ ይቋረጥ፤ በየጊዜውም ሰዓቱ ነባሩን ስሪት እንደያዘ መኖሩ ይታይ። ሦስተኛ፣ ደህና የሆነ ስሪት ተጭኖ ሳይጸድቅ ሰዓቱ ዳግም ይነሣ፤ አሮጌው ስሪት መመለሱም ይረጋገጥ። አራተኛ፣ ሲነሣ እንዲደርቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ስሪት ተጭኖ ጠባቂው ቆጣሪ ሥራውን መሥራቱ ይታይ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሕያው መሆኑን ለቆጣሪው የማስታወቁን ሥራ ዋናው ፕሮግራም ቢደርቅም መሥራቱን በሚቀጥል ክፍል ውስጥ ያስቀመጠ አዘጋጅ ጠባቂውን አስተኝቶታል፤ ሰዓቱ ይደርቃል፤ ጠባቂው ግን አይነቃም። አምስተኛ፣ በአዲሱ ስሪት ላይ ሆኖ ሌላ ማሻሻያ እስከ መጨረሻው ይቀበል። መመለሻውን የሚያፈርሰው ይህ ነውና ባልታሸገው ሰዓት ላይ ይደረግ።

የግዕዝን ፊደላት የሚጨምረውን ተማሪ በምሳሌነት እንመልሰው። ፊደላቱ ከነዲቃሎቻቸው በዩኒኮድ መሠረታዊው የኢትዮጵያ ክፍል 384 ቦታዎች ተመድቦላቸዋል። አንዱ ፊደል 20 በ20 ነጥብ ቢሣልና ለአንድ ነጥብ አንድ ቢት ቢያዝ ለአንድ ፊደል 50 ባይት፣ ለጠቅላላው 19,200 ባይት ይጠይቃል። በ464 ኪሎባይት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል እንግዳ አይደለም። ቦታ ለማግኘት ሲል ሌላ ነገር ለመቀነስ የሚገደደው ተማሪ ከሁሉ በፊት ሊነካ የማይገባው ማሻሻያ የሚቀበለው ክፍል መሆኑን ማወቅ አለበት። የቀነሰው ነገር ያንን ክፍል አለመጉዳቱን የሚያሳየው ደግሞ አምስተኛው ፍተሻ ብቻ ነው። በሰዓቱ ገጽ ላይ «ሰላም» የሚለው ቃል በግዕዝ ፊደል ሲታይ ደስታው ትልቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሰላምታ የመጨረሻው እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከተማሪዎች ባሻገር አማካሪዎችና ፈታኞችም ድርሻ አላቸው። በመመረቂያ ግምገማ ላይ «ተሳክቷል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ስንት ጊዜ ከሸፈ? ከሽፎስ በምን መንገድ ተመለሰ?» የሚለው ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል። ክሽፈትን የዘገበ ተማሪ ነጥብ የሚጎድልበት ከሆነ ክሽፈት አይዘገብም፤ ያልተዘገበ ክሽፈት ደግሞ ተከታዩ ተማሪ በራሱ ሰዓት ላይ እንደገና ይከፍለዋል።

መደምደሚያ

የገመድ አልባ ማሻሻያ ላኪው በእጁ ሊነካው በማይችለው መሣሪያ ላይ የሚደረግ ሥራ ነው። ላኪው የሚሠራው ስህተት የሚታየው በሌላ ሰው ክንድ፣ በሌላ ሰው በር፣ አንዳንዴም በሌላ ሰው ደረት ውስጥ ነው። የክፍት ምንጭ ሰዓት ይህን ኃላፊነት በአነስተኛ ዋጋና በግልጽ ለመማር የሚያስችል መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሚበላሸው ሰዓት እንጂ ሕይወት አይደለምና። ዛሬ በቤተ ሙከራችን በሰዓት ላይ የሚለማመድ ተማሪ ነገ የሕክምና መሣሪያ ፈርምዌር ሊጽፍ ይችላል። ይዞት የሚሄደው ልማድ አዲሱ ቁጥር በገጹ ላይ ሲታይ ሥራው አለቀ ብሎ ማጨብጨብ ከሆነ ያስተማርነው ግማሹን ነው። የሰዓቱን መመለስና ቀጣዩን ስሪት መቀበል አይቶ «አሁን ተፈትሿል» ማለትን ከለመደ ግን፣ በማያየው ሰው ደረት ውስጥ ላለ መሣሪያም እንዲሁ ይጠነቀቃል።